የተያዘ ካንዴላ እንዴት ይፈታል፣ የተጣበቀ ሙጫ በምን ይነሳል?

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ ደንገጎ ዳገት ላይ ትቆርጣለች (ጉልበቷ ይቆራረጣል)። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ልቀይር ብዬ ሦስቱን ፈታሁ፤ አራተኛው ሩብ ዙር ያህል ከዞረ በኋላ አልንቀሳቀስ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይትና አሸዋ ይታየኛል። የቀድሞው ባለቤት ኮይሎቹን (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚልኩትን) በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልሏቸው ስለነበር ሙጫው ቀልጦ ሁሉም ነገር ላይ ተለጥፏል። አቦ፣ የትኛውን መሣሪያ ልግዛ? ሙጫውንስ በቤንዚን ልጠበው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጥ። ሩብ ዙር ዞሮ የቆመ ካንዴላ ጭራሽ ካልተነቃነቀ ካንዴላ የተለየ ነው። ሮንዴላው (የካንዴላው ማሸጊያ ቀለበት) ከመቀመጫው ለቋል፤ አሁን የያዘህ ጥርሱ (የሚዞርበት ጥምዝምዝ) ነው። ጥርስ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር በአንዱ ነው። አንደኛው ከታች፣ ከእሳቱ በኩል የተጋገረ ካርቦን ነው። ሁለተኛው ከላይ የገባ አሸዋ ነው። አንተ ጋ ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀሩም። ከዚህ በኋላ በጉልበት ብትቀጥል የሚሸነፈው ካንዴላው አይደለም። የካንዴላው አካል ብረት ነው፣ ቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ) ግን አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱን የሚያጣው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። የቴስታታ ጥርስ ማሠራት ደግሞ አራት አዲስ ካንዴላ ከመግዛት እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ አሁኑኑ የምታደርገው ካንዴላውን የዞረውን ያህል መልሶ ማስገባት ነው። ሮንዴላው መቀመጫውን እስኪነካ ቀስ አድርገህ አዙር እንጂ አታጥብቀው። ይህ የሚጠቅመው ጉድጓዱን በምታጸዳበት ጊዜ ቆሻሻው በሮንዴላው ሥር አልፎ ወደ ጥርሱና ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ ነው። የፈታሃቸውን ሦስት ካንዴላዎችም በጣት ብቻ እያዞርክ መልሳቸው፤ ካልሆነም ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ድፈን። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ በሚነሳበት ከተማ የተከፈተ ሲሊንደር ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይተውም። ዘይት የነካው ደቃቅ አሸዋ የሲሊንደርን ግድግዳ የሚፍቅ ነገር ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። «ሞተሩ ሲሞቅ ይላላል» የሚል ምክር ትሰማለህ። በከፊል እውነትነት አለው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚስፋፋ ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል። ነገር ግን የጋለ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ በቀላሉ ተፍቆ ከካንዴላው ጋር ይወጣል። ሞተር ከሥራ ሙቀቱ፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ ገደማ፣ ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ እስኪሆን ሐረር ላይ ከሚፈጅበት የበለጠ ድሬ ላይ ይፈጅበታል፤ ቀን ላይ ከቆመ ኮፈኑም በፀሐይ ይግላል። ትክክለኛው ሰዓት ንጋት ነው። ማታ አቁመህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምር። ለብ ባለ ሞተር መሞከር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ያኔም እጅህን ቴስታታው ላይ አሳርፈህ ሳትቸኩል የምታቆይበት ሙቀት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጽዳቱ። የኮይሎቹ ሶኬቶች ተነቅለው ይቆዩ። ጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ዘይት ቀድመህ አውጣው፤ በአየር ከነፋኸው ዘይቱ ፊትህ ላይ ይረጫል፣ አሸዋውም ወደ ሌሎቹ ጉድጓዶች ይሄዳል። ከመድኃኒት ቤት ትልቅ ሲሪንጅ ገዝተህ ጫፉ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ሰክተህ ምጠጠው። የቀረውን በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ በጥብቅ በታሰረ ጨርቅ እየነከርክ አውጣ፤ ጨርቁ እዚያው እንዳይቀር አስተሳሰሩን በደንብ አረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ነው አየር የሚነፋው። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ጥሩ ነው፤ መኪናዋ ቤት ቆማ ከሆነ የብስክሌት ፓምፕ ላይ ቱቦ ሰክተህ ብትነፋም ይሠራል። መነጽር ሳታደርግ አትንፋ፤ ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣ አሸዋ በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚመጣው።

ጉድጓዱ ሲጸዳ ሰርጎ የሚገባ ቅባት ጨምርበት። ደብሊው ዲ 40 በየመለዋወጫ ሱቁ አለ፤ ለቀላል ዝገት ይበቃል። ለተጋገረ ካርቦን ግን እኔ የምመርጠው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል የተቀላቀሉበትን ነው። አሴቶኑ ያቀጥነዋል፣ ዘይቱ ደግሞ ጥርሱ ላይ ይቀራል። ሁለቱ በደንብ ስለማይዋሃዱ ከመጠቀምህ በፊት በመስታወት ዕቃ ውስጥ በጥብቅ ክደነውና ናጠው። ቀለምና ፕላስቲክ ላይ እንዳይፈስ፤ አሴቶን ሁለቱንም ይበላል። መጠኑ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ጉድጓዱን መሙላት ጥቅም የለውም፤ ትርፉ ካንዴላው ሲወጣ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ጨምረህ እንዲያድር ተወው።

ጠዋት ላይ አፈታቱ እንዲህ ነው። ለመፍታት አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አዙርና መልሰህ ያንኑ ያህል አጥብቅ። ደግመህ ፍታ፣ አሁን ትንሽ አልፈህ ሂድ፤ መልስ። በየጥቂት ምልልሱ ሁለት ጠብታ ቅባት ጨምር። ይህ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ካርቦኑን ይፈጨዋል፣ ቅባቱንም ወደ ታችኛው ጥርስ ይጎትተዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስትገፋ ግን የተፈጨው ካርቦን ከፊት እየተጠቀጠቀ እንደገና ይይዛል። እጅህንና ጆሮህን እመን። ካንዴላው ቢንቋቋ፣ ማለትም ደረቅ የብረት ጩኸት ቢያሰማ፣ ወዲያው ቁምና መልስ፤ ያ ድምፅ አሉሚኒየሙ መፋቅ ሲጀምር የሚሰማ ነው። ለስላሳና እኩል ክብደት ከተሰማህ ቀጥል። ሥራው አንድ ሰዓት ቢወስድ ምንም አይደለም።

ስለ መሣሪያው ጠይቀሃል፤ እዚህ ላይ ገንዘብህን በአግባቡ አውጣ። በብዙዎቹ ቪትዞች የካንዴላው ጥርስ 14 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ስድስት ጎን ራሱ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የምትገዛው 16 ቁጥር፣ ረጅም፣ ግድግዳው ቀጭን የካንዴላ ቡሶላ (ራሱን የሚያለብስ ክብ መፍቻ) ነው። ውስጡ ባለ ስድስት ጎን ይሁን። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የሚይዘው በጠርዝ ብቻ ስለሆነ በተያዘ ካንዴላ ላይ ራሱን ያንሸራትተዋል። ወደ ሱቅ ስትሄድ ከፈታሃቸው አሮጌ ካንዴላዎች አንዱን በኪስህ ይዘህ ሂድ፤ ቡሶላውን እዚያው አስገብተህ ሞክረው። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ አትግዛው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ተራ ቡሶላ ደግሞ ራሱን ቢይዝም ጉድጓዱ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል።

የካንዴላ ቡሶላ ውስጡ ወይ ጎማ አለው ወይ ማግኔት። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ካንዴላውን ይዞ እንዲያወጣና ነጩን ሸክላ ከመሰንጠቅ እንዲጠብቅ ነው። ጎማው ሸክላውን በደንብ ይይዛል፤ ችግሩ አዲሱን አጥብቀህ ስታወጣ ቡሶላው ከማራዘሚያው ተላቆ ካንዴላው ላይ ይቀራል። በዘይት የነካካ ጎማ ደግሞ ከቦታው ይወጣል። በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ ጥልቅና ዘይት የገባበት ጉድጓድ ማግኔቱ ይሻላል። ማራዘሚያው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ወጥ ይሁን፤ ሁለት አጫጭር ቀጥለህ አትጠቀም፣ በመጋጠሚያቸው ይወዛወዛሉና። ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ያለውንም ለቪትዝ አትፈልገውም። ጉድጓዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መታጠፍ የሚያመጣው ጉዳት ብቻ ነው፤ ቡሶላው ሲያዘነብል ጎኑ ሸክላውን ገፍቶ ይሰብረዋል።

እጀታው ራቼት ሆኖ ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም የተለመደ ነው፤ ለጎማ ዳዶ ይሁን፣ ለካንዴላ ግን አይሁን። ረጅም እጀታ የእጅህን ስሜት ይወስድብሃል፤ ጥርስ ሲፋቅ ሳትሰማው ያልፋል። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ መፍቻ ደግሞ እያንኳኳ ስለሚያዞር ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ጥርሱንም ይልጣል። ሌላው ቀርቶ ለመፍታት እንኳ አልመክረውም። ስትፈታ አንድ እጅህ የማራዘሚያውን ራስ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይጫን፤ ሌላው ብቻ እጀታውን ይሳብ።

የሌላ ተሽከርካሪ ባለቤቶችም ስለሚያነቡት አንድ ነገር ልጨምር። የካንዴላ ራስ ሁሉ 16 አይደለም። በአሮጌ መኪኖችና በብዙ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ያለው ትልቁ፣ 21 ቁጥር ቡሶላ የሚገባው ነው። 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ብዙ የሞተር ብስክሌት ካንዴላዎች 18 ቁጥር ይፈልጋሉ፤ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ደግሞ 16። በአዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች ውስጥ 14 ቁጥር የሆኑ ቀጫጭኖችም አሉ። ሐረር ውስጥ እስካሁን የሚታየው ፔጆ 404 የራሱ ጠባይ አለው፤ ሞተሩ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፣ ካንዴላዎቹም ጥልቅ ቱቦ ውስጥ ስለሚቀመጡ ረጅም ማራዘሚያ ከሌለ አይደረስባቸውም። ከባጃጅ ጋር በሚመጣው የቧንቧ ቁልፍ የሚሠሩም ቢሆኑ የቁልፉን አፍ ይመልከቱ። ጠርዙ ከተከፈተ የካንዴላውን ራስ ጎኖች በልቶ ክብ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ ይጣላል እንጂ በመዶሻ አይስተካከልም።

ካንዴላው ሲወጣልህ ወዲያው ጥርሱን ተመልከት። ጥቁር ዱቄት ብቻ ከሆነ መልካም ነው። የሚያብረቀርቅ ነጭ ሽቦ መሳይ ነገር በጥርሱ መካከል ተጠምዝዞ ካገኘህ ግን ያ የቴስታታው ጥርስ ነው። አንድ ዙር ያህል ብቻ ከሆነና አዲሱ ካንዴላ በጣት ቀጥ ብሎ ከገባ ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ አዲስ ካንዴላ ለማጥበቅ አትሞክር። መፍትሔው ቀዳዳውን አስፍቶ የሽቦ ጥርስ መጨመር ነው፣ መካኒኮች ሄሊኮይል የሚሉት። መጠኑ 14 በ1.25 ነው። ሥራው ቶርኖ ቤት፣ ቴስታታው ወርዶ ቢሠራ ይመረጣል፤ መቁረጫው የሚያወጣው የአሉሚኒየም ቅንጣት ሲሊንደር ውስጥ ስለሚቀር። ሳይወርድ እሠራለሁ የሚል ባለሙያ ካገኘህ መቁረጫውን በወፍራም ግራሶ ሞልቶ፣ በየግማሽ ዙሩ እያወጣ እየጠረገ መሥራቱን አረጋግጥ። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች፣ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ያደገባት ከተማ ናት፤ ቀዳዳን ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ የቶርኖ እጅ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግርባት አይደለችም።

ሸክላው ተሰብሮ ብረቱ ከቀረ አትደንግጥ፤ ባለ ስድስት ጎኑ ደህና እስከሆነ ድረስ ይፈታል። ነገር ግን ስብርባሪውን መጀመሪያ በቱቦ በተራዘመ የቤት መጥረጊያ ማሽን ምጠጠው። የካንዴላ ሸክላ ከብረት የጠነከረ ስለሆነ አንዲት ቅንጣት ሲሊንደር ውስጥ ብትገባ ግድግዳውን ትቧጭራለች።

አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የወረደውን ቅባት ከሲሊንደሩ አውጣ። አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮይሎቹ ሶኬት ተነቅሎ፣ የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ወጥቶ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍነህ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ለአምስት ሰከንድ ያህል አስነሳ። በአቅራቢያው እሳትም ሲጋራም አይኑር። ይህን ዘልለህ ካንዴላውን ብታጠብቅና በዛ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ቢኖር ፒስተኑ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል የፒስተን ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል።

ለማስገባት ቡሶላ አትጠቀም። በካንዴላው ሸክላ ጫፍ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ 30 ሴንቲ ሜትር የነዳጅ ጎማ ቱቦ ቁረጥና በእሱ እያዞርክ አስገባ። ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፣ ካንዴላው አይገባም፤ በቡሶላ ቢሆን ግን ጠማማውን ጥርስ ራስህ ታርሰዋለህ። መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ አድርገህ አዙር፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ትንሽ ጠቅ ይላል። ከዚያ ወደ ቀኝ። እስከ መቀመጫው ድረስ ያለ ጉልበት መውረድ አለበት።

ማጥበቂያው ላይ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካለህ ለ14 ሚሊ ሜትር ባለ ሮንዴላ ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር የካንዴላ አምራቾች የሚሰጡት ልክ ነው፤ የመኪናህ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካለ መመሪያውን ተከተል። ቶርክ ሬንች ከሌለህ ቀፊራ ገበያ የምታገኘው ተንጠልጣይ የመንጠቆ ሚዛን ሥራውን ይሠራልሃል። ከቡሶላው መሐል 25 ሴንቲ ሜትር ለክተህ እጀታው ላይ ምልክት አድርግ፣ የሚዛኑን መንጠቆ እዚያ ላይ አስገባ፣ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደሠራህ ሳብ። ሚዛኑ 10 ኪሎ ሲያሳይ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ደርሰሃል። ለ12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ከ6 እስከ 8 ኪሎ፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። ሚዛን እንኳ ከሌለ በዙር ለካ፤ ሮንዴላው አዲስ ከሆነ መቀመጫውን ከነካ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር፣ ያገለገለ ካንዴላ ከሆነ ግን ሮንዴላው አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ብቻ። ብዙ ጥርስ የሚበላው ያገለገለውን እንደ አዲሱ ግማሽ ዙር ሲያጠብቁት ነው።

ጥርሱ ላይ ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት መቀባት እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው፤ አታድርገው። ዘይቱ ተቃጥሎ ካርቦን ይሆናል፣ ዛሬ የታገልክበትን ነገር ራስህ ትሠራዋለህ። የዛሬዎቹ ነጭ ብረት የተለበጡ ካንዴላዎች ምንም አይፈልጉም። ጥርሱ ጥቁር የሆነ ያልተለበጠ ከሆነ ብቻ የመዳብ ወይም የኒኬል ፀረ መጣበቅ ቅባት፣ የታችኛውን ጥርስ ሳትነካ፣ የስንዴ ቅንጣት ታህል። ያኔም ቅባቱ ስለሚያንሸራትት የማጥበቂያውን ልክ በሲሶ ያህል ቀንስ።

አሁን ወደ ሙጫው። በቤንዚን አትጠበው። የቤንዚን ተን ከበረዶ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ይቀጣጠላል፤ ኮይል ደግሞ ብልጭታ የሚያመነጭ ዕቃ ነው። በተጨማሪም ቤንዚን የኮይሉን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያደርቀዋል፣ በኋላም ይሰነጥቀዋል። ነጭ ጋዝ ይሻላል የሚሉህም ይኖራሉ፤ እውነት ነው፣ ግን እሱም ከ38 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ተኑ ሊቀጣጠል ይችላል። የድሬ የቀትር ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ከዚያ በላይ ይግላል። የምትጠቀምበት ከሆነ በጥላ ሥር፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ፣ ጨርቅ ብቻ ነክረህ።

ሙጫውን ለማንሳት ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሙጫ ከጎማ ዘር ነው፤ ፕላስተሩን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በሙቀት እየወጣ ሙጫው ውስጥ ይገባና ያቀልጠዋል። እንዲህ ያለውን የሚያነሳው ቅባት ነው። መጀመሪያ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ወፍራሙን ፋቅ። ከዚያ ተራ የምግብ ዘይት በጨርቅ ቀባና ሩብ ሰዓት ተወው፤ ሙጫው ያብጥና ይንከባለላል። በደረቅ ጨርቅ እያንከባለልክ አንሳው፤ ሁለት ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። በመጨረሻ የዘይቱን ቅሪት ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ጥረግ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ራሱ ተለጣፊ ቅሪት ይተዋል። አልኮሉ ውኃ ስላለበት ኮይሉን ከመስካትህ በፊት ግማሽ ሰዓት አየር ላይ ይድረቅ። ዘይቱ የኮይሉ አፍ ውስጥና የሶኬቱ ፒኖች ላይ እንዳይገባ እነሱን አስቀድመህ በደረቅ ጨርቅ ጠቅጥቅ።

የስቲከር ሙጫ፣ ባጃጆች ላይ የሚለጠፈው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ለእሱ ሙቀትና አልኮል ይሻላል። ፀሐይ ላይ አሙቀህ ከአንድ ጥግ ጀምረህ ወደ ኋላ አጥፈህ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እየጎተትክ ቀስ ብለህ ላጠው። በችኮላ ከተጎተተ ወረቀቱ ይወጣል፣ ሙጫው ይቀራል። መስታወት ላይ ብቻ ምላጭ በሳሙና ውኃ መጠቀም ይቻላል። ቲነርና አሴቶን ከፕላስቲክ፣ ከፊት መብራት ሽፋንና እንደገና ከተቀባ ቀለም ይራቁ፤ የመብራቱን ሽፋን ያጨልማሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ ቀለሙን ያነሳሉ። ለተሽከርካሪ ሸራም ያው ነው። የደረቀ ሲሊኮን ደግሞ በየትኛውም የቤት ፈሳሽ አይሟሟም፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ነው የሚነሳው። በአሸዋ ወረቀት አትፋቀው፣ ዱቄቱ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ከሙጫው በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ኮይል ለምን በፕላስተር ተጠቀለለ? አንድ ሰው ስንጥቅ አይቶ መሆን አለበት። ተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር የሚችለው 600 ቮልት ያህል ነው፤ ወደ ካንዴላ የሚሄደው ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ደንገጎ ላይ የምትቆርጠውም ምናልባት በዚሁ ምክንያት ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፤ ስንጥቅ ካገኘ ግን ወደ ካንዴላው ሳይደርስ በጎን ወደ ቴስታታው ያመልጣል። ሜዳ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች ነዳጁን ይወቅሳሉ። ካጸዳኸው በኋላ ኮይሉን በብርሃን አጠገብ አዙረህ ተመልከት፤ በጎማው ላይ ወይም በአሮጌው ካንዴላ ሸክላ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ መፍሰሻውን አገኘኸው። የተሰነጠቀ ኮይል ይቀየራል፤ ሙጫም ሲሊኮንም አያድነውም።

ዘይቱም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አይተው። ከቫልቭ ክዳኑ ሥር በእያንዳንዱ የካንዴላ ቱቦ ዙሪያ የጎማ ማኅተም አለ፤ በሙቀት ሲደርቅ ዘይት ያሳልፋል። ከክዳኑ ጋስኬት ጋር አብሮ ይቀየር። ካልተቀየረ አዲሱም ካንዴላ በጥቂት ወራት ዘይት ውስጥ ይቆማል፣ የኮይሉ ጎማም ያብጣል።

ስትገጥም ኮይሉን ከመጫንህ በፊት የጎማው አፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የኤሌክትሪክ ሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀባ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀደድ ይወጣል። ስታወጣም ሁልጊዜ መጀመሪያ ግራና ቀኝ አዙረህ አላቅቀው እንጂ በቀጥታ አትጎትት። የኮይሉ ብሎን 10 ቁጥር ነው፣ ትንሽ ስለሆነ በሁለት ጣት ጉልበት ይጥበቅ። አስነስተህ ሞተሩ እኩል ከሠራ ወደ ደንገጎ ውሰዳት። አሁንም ከቆረጠች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ቀያይር፤ መቁረጡ ወደዚያኛው ሲሊንደር ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ ካልተዛወረ ግን የኢንጀክተሩን (የነዳጅ መርጫውን) እና የኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን ግፊት) ምርመራ ጀምር።